ስለትና ደንደስ

ከፋርማሲ የመጣ ባዶ የመድኃኒት ካርቶን፣ በኮላ የተያያዘው ጎኑ በቀስታ ተላቅቆ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ አንድ ወጥ ቁራጭ ወረቀት ይሆናል። አራቱ ግድግዳዎች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ዳር ላይ ኮላ የሚቀባበት ቀጭን ምላስ አለ፤ ከላይና ከታች ክዳኖቹ፣ በክዳኖቹ ግራና ቀኝ ደግሞ አቧራ የሚከላከሉ ትንንሽ ጆሮዎች ወጥተዋል። የክዳኑ ጫፍ በቀላሉ ወደ ውስጥ እንዲገባ ማዕዘኖቹ ክብ ተደርገዋል፤ ገብቶ እንዳይወጣም በሁለቱ ዳሮቹ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሆን ስንጥቅ ተሰንጥቆለታል። ጣት በእጥፋቱ መስመር ላይ ሲሄድ በውጭ በኩል ጎድጎድ ያለ፣ በውስጥ በኩል ጉብ ያለ ነገር ይነካል። ጠርዙን ብርሃን ላይ አንስቶ ላየ ሰው ደግሞ እዚህም እዚያም የፀጉር ያህል የወጣች ቅሪት ትታየዋለች።

ይህ ሁሉ፣ የተቆረጠውም ለእጥፋት የተሰመረውም፣ የተሠራው በአንድ ምት ነው። በማሽኑ ውስጥ ሁለት ሰፋፊ የብረት ገበታዎች ይገጥማሉ፤ የታተመው ሉህ በመካከላቸው ነው። ሲላቀቁ ሉሁ አሥር ወይም ሃያ ካርቶን ይዞ፣ ዙሪያቸው ተቆርጦ፣ የእጥፋት መስመራቸው ተሰምሮ ይወጣል። በማተሚያ ቤት ቋንቋ ሥራው ዳይ ከቲንግና ክሪዚንግ ይባላል። የሚቆርጠው ስለት ያለው ብረት ነው፤ እጥፋቱን የሚያሰምረው ደግሞ አፉ የተድቦለቦለ፣ ደንደስ ብቻ የሆነ ብረት።

ደንበኛ ናሙና ሲቀርብለት የሚያየው ቀለሙን፣ የፊደሉን ጥራትና የላሚኔሽኑን ማብረቅረቅ ነው። ካርቶን ግን የሚሰምርለትም የሚበላሽበትም በእጥፋቱ ነው። መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ፣ ብልቃጡን ከትቶ የሚዘጋው ማሽን በደቂቃ ከመቶ በላይ ካርቶን ያስተናግዳል። እጥፋቱ ግትር ከሆነ ካርቶኑ አራት ማዕዘን ሆኖ አይከፈትም፤ ብልቃጡ ግድግዳውን መትቶ ይቀራል፣ መስመሩም በሙሉ ይቆማል። ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር በዚያች ሰዓት የሚፈይደው ነገር የለም።

ስለቱንና ደንደሱን በአንድ ገበታ ላይ ያገናኘው ሮበርት ጌር ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 በስኮትላንድ ኤዲንብራ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ከሰሜኑ ጦር ጋር ተሰልፎ ከተዋጋ በኋላ በኒው ዮርክ የወረቀት ከረጢት ሥራ ውስጥ ገባ። በ1879 በፋብሪካው የዘር መያዣ ከረጢት እየታተመ ሳለ፣ ለማጠፊያ መስመር ብቻ ማበጀት የነበረበት ብረት ከቦታው ተናግቶ ወረቀቱን ቆረጠው። ብዙ ከረጢት ተበላሸ። ሌላው ሰው ኪሳራውን አስልቶ፣ ብረቱን አስተካክሎ ሥራውን በቀጠለ ነበር። ጌር ግን ከብልሽቱ ውስጥ አንድ ነገር አየ፦ አንዱ ብረት ከፍ ሲል ይቆርጣል፣ ዝቅ ሲል ያሰምራል፤ ታዲያ ከፍ ያለውና ዝቅ ያለው አብረው ቢቀመጡ ሁለቱ ሥራ በአንድ ምት ያልቃል።

እስከዚያ ድረስ የካርቶን ሣጥን የሚሠራው በተነጣጠለ ሥራ ነበር። ወረቀቱ በአንድ መሣሪያ መስመር ይሰመርለታል፣ በሌላ ይቆረጣል፣ ማዕዘኖቹ በእጅ ይወጣሉ። ጌር በ30 ዶላር የገዛውን አሮጌ ማተሚያ ማሽን ለአዲሱ ሐሳብ አዘጋጀው። ማሽኑ በሰዓት 750 ሉህ ይመታ ነበር፤ በእያንዳንዱ ሉህ ላይ አሥር ካርቶን ስለነበረ በሰዓት 7,500 ካርቶን ወጣ ማለት ነው። ክፍለ ዘመኑ ሊያልቅ ሲል የአሜሪካው ናሽናል ቢስኪት ኩባንያ 2 ሚሊዮን ካርቶን አዘዘው። ያኔ ብስኩት ከበርሜል እየተዘገነ፣ እየተመዘነ ይሸጥ ነበር፤ እርጥበት ይነካዋል፣ ይሰባበራል፣ ማን እንደጋገረውም አይታወቅም። በካርቶን ታሽጎ፣ ስም ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ብስኩት ከዚያ በኋላ ወደ በርሜሉ አልተመለሰም።

የማሽኑ ቀጣይ ዕድገት በአብዛኛው ከስዊዘርላንድ ጋር የተያያዘ ነው። ጆሴፍ ቦብስት በ1890 በሎዛን ከተማ ለማተሚያ ቤቶች ዕቃ የሚያቀርብ ሱቅ ከፈተ፤ በስሙ የሚጠራው ኩባንያ በ1940 ሉሁን በራሱ እየሳበ የሚቆርጥና የሚያሰምር ማሽን አቀረበ። ዛሬ የዚህ ዓይነት ትልልቅ ማሽኖች ከሁለት መቶ ቶን በላይ በሆነ ኃይል ይጫናሉ። በትንንሽ ማተሚያ ቤቶች ደግሞ የጀርመኑ ሃይደልበርግ ፕሌተን ማሽን ዕድሜው ረዝሟል። የተሠራው ፊደል ለማተም ነበር፤ ኦፍሴት የፊደል ለቀማውን ዘመን ሲያበቃው በብዙ አገር የቀለም ሮለሮቹ ወለቁለትና መቁረጫ ሆነ። እንደ ነፋስ ወፍጮ ክንፍ የሚሽከረከሩት ሁለት እጆቹ አሁንም አንዱ ሉህ ሲያስገባ ሌላው ያወጣል።

ስለቱና ደንደሱ የሚተከሉበት ገበታ፣ ማለትም ዳዩ፣ ሲታይ ውስብስብ አይመስልም። መሠረቱ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ነው፤ የካርቶኑ ሥዕል በሌዘር ጨረር ተቦርቡሮ ይወጣበታል። በቀጭኑ ክፍተት ውስጥ 0.71 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 23.8 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው የብረት ስለት እየታጠፈ፣ በመዶሻ ቀስ እየተመታ ይገባል። በስለቱ ግራና ቀኝ ከስለቱ ጥቂት ከፍ የሚል ጎማ ይለጠፋል። ብረቱ ቆርጦ ሲመለስ ወረቀቱን ገፍቶ የሚያላቅቀው ይኸው ጎማ ነው፤ ጎማው ካረጀ ወረቀቱ ከስለቱ ጋር ተጣብቆ ይሄዳል።

የደንደሱ ብረት ቁመት ግን እንደ ወረቀቱ ይለያያል። ወረቀቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ከሆነ ብረቱ 23.4 አካባቢ ይሆናል፤ ልዩነቱ የወረቀቱ ውፍረት ነው። በትይዩው ገበታ ላይ ከብረቱ ሥር የሚጠብቀው ቦይ አለ፤ ብረቱ ወረቀቱን ወደዚያ ቦይ ይገፋዋል። የቦዩ ስፋት በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች በቃላቸው በያዙት ስሌት ይገኛል፦ የወረቀቱ ውፍረት በአንድ ተኩል ተባዝቶ የብረቱ ውፍረት ይደመርበታል። ለ0.4 ሚሊ ሜትር ወረቀት 1.3 ገደማ ይመጣል። ቦዩ ከዚህ ከሰፋ መስመሩ ይዝለፈለፍና እጥፋቱ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ከጠበበ ደግሞ ብረቱ ወረቀቱን እዚያው ይሰነጥቀዋል። በአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ የሚለካ ነገር የሥራውን ዕጣ ይወስናል።

በዚያች መስመር ውስጥ የሚሆነውን ለመረዳት ጋቢን ማሰብ ይበቃል። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ሲታጠፍ ድርቦቹ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንሸራተቱ እጥፋቱ ይለዝባል። አራቱ በኮላ ተጣብቀው ቢሆን ኖሮ የውጪው ድርብ ተወጥሮ ይተረተር፣ የውስጠኛው ተጨማዶ ያብጥ ነበር። የካርቶን ወረቀትም ከብዙ ድርብ የተሠራ ነው፤ ድርቦቹ ግን በፋብሪካ ተጣብቀዋል። ደንደሱ ወረቀቱን ወደ ቦዩ ሲገፋው በመስመሩ ላይ ብቻ ድርቦቹን ያላቅቃቸዋል። ካርቶኑ ሲታጠፍ የተላቀቁት ድርቦች ወደ ውስጥ ያብጣሉ፤ የውጪው ፊት ሳይተረተር ይዞራል። ጣት የነካው ጉብታ ያ ነው። ክሪዚንግ እንግዲህ ሆን ተብሎ፣ ተለክቶ የሚደረግ ጉዳት ነው፤ ወረቀቱ እንዳይሰበር አስቀድሞ በትክክለኛው ቦታ ላይ ይጎዳል። ከመቁረጥ ይልቅ ይህ ሥራ የበለጠ ክብር ይገባዋል። የሳተ ቁራጭ ወዲያው ይታያል፤ የሳተ እጥፋት ግን ካርቶኑ ገዢው ዘንድ ከደረሰ በኋላ ነው የሚገለጠው።

የፋይበሩ አቅጣጫም አለ። ወረቀት በፋብሪካ ሲሠራ አብዛኛው ፋይበር ማሽኑ በሚሄድበት አቅጣጫ ይተኛል። ከፋይበሩ ጋር ትይዩ የሆነ እጥፋት በቀላሉ ይታዘዛል፤ ፋይበሩን የሚያቋርጥ እጥፋት ይታገላል። ሆኖም የሣጥን ግድግዳ እንዳያብጥና እንዳይጎብጥ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ፋይበሩ ሣጥኑን ዙሪያውን እንዲከበው ነው፤ ማለትም ዋናዎቹ አራት እጥፋቶች ፋይበሩን ያቋርጣሉ። ለጥንካሬ ሲባል አስቸጋሪው እጥፋት ተመረጠ ማለት ነው፤ ክፍያውም በክሪዚንጉ ትክክለኛነት ይከፈላል።

አየሩም ድርሻ አለው። ወረቀት የሚለካበት ዓለም አቀፍ መመዘኛ የሙቀት መጠኑን 23 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የአየሩን እርጥበት 50 በመቶ ያደርጋል። ከባሕር ማዶ በጅቡቲ በኩል የሚመጣ የካርቶን ወረቀት ከወደቡ ወበቅ ተነሥቶ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነችው አዲስ አበባ ይወጣል። በበጋ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ የደጋው አየር እርጥበቱን ከወረቀቱ ይመጠዋል። የደረቀ ወረቀት ዳሩ ይጥቀለላል፤ ሲታጠፍም ፋይበሩ ይሰበርና ጥቁር ቀለም የተቀባ እጥፋት ላይ ነጭ ስንጥር ብቅ ይላል። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው፦ ጥቅሉ ሳይፈታ በማተሚያ ክፍሉ ውስጥ አየሩን እስኪለምድ ማቆየት፣ ከተፈታም በኋላ በላስቲክ መሸፈን። በችኮላ ፕላስቲኩ ተቀዶ ወዲያው የተመታ ወረቀት ጥፋቱ የማሽኑ ይመስላል።

ማሽኑን ለአዲስ ሥራ ማዘጋጀት ብዙ ጊዜ ከመቁረጡ ራሱ ይረዝማል። የመጀመሪያው ሉህ ሲመታ ከስለቱ ከፊሉ ቆርጦ ከፊሉ ሳይቆርጥ ይቀራል፤ ገበታዎቹ ፍጹም ጠፍጣፋ፣ ስለቶቹም ፍጹም እኩል አይደሉምና። ልምድ የሌለው ሠራተኛ ጫናውን በጠቅላላው ይጨምራል። ያልቆረጠው ጥግ ይቆርጥለታል፤ ከዚያ በፊት በደንብ ይቆርጡ የነበሩት ስለቶች ግን ከብረቱ ጋር እየተላተሙ ይዶለዱማሉ፣ ጠርዙም አቧራ መትፋት ይጀምራል። ዐዋቂው ሉሁን ገልብጦ ያልቆረጠበትን ቦታ በጣቱ ይዳስሳል፣ በእርሳስ ይከባል፣ በዳዩ ጀርባ በዚያው ልክ 0.05 ሚሊ ሜትር የሆነች ቀጭን የወረቀት ፕላስተር ይለጥፋል። እንደገና ይመታል፣ እንደገና ይዳስሳል። በትልልቅ ሥራ ይህ ሰዓታት ይፈጃል።

ጠርዙ ላይ የቀረችው የፀጉር ያህል ቅሪትም በስሕተት የመጣች አይደለችም። የተቆረጠው ሉህ ወደሚቀጥለው ክፍል በብረት ጥርሶች ተይዞ በፍጥነት ይሳባል፤ ሙሉ በሙሉ ቢቆረጥ ኖሮ ካርቶኖቹ ማሽኑ ውስጥ ይበተኑ ነበር። ስለዚህ ስለቱ በቀጭን ድንጋይ እዚህም እዚያም ይሞረዳል፤ የተሞረደው ቦታ ሳይቆርጥ ያልፋል። አቀማመጡ የዳይ ሠሪውን ችሎታ ያሳያል። ቅሪቷ ከፊት ለፊት ባለው የክዳን ጠርዝ ላይ ከዋለች ካርቶኑ የተቀደደ ይመስላል፤ ከታች ባለው ጆሮ ላይ ከተደበቀች ማንም አያያትም።

ከቀጭኑ ወረቀት ወደ ሞገዳማው ካርቶን ሲመጣ ሕጉ ይለወጣል። በሁለት ሉሆች መካከል የሚተኛው ሞገድ አንዳንዱ ከ1.5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ አንዳንዱ 4 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቁመት አለው፤ የሣጥኑ ብርታት ያለው እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው። በማሽን ሮለር መካከል የተጨፈለቀ ሞገድ ተመልሶ አይነሣም፤ ሣጥኑ ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ሲደረደርበት ግን ይሰምጣል። ብዙ ሣጥን የሚቆረጠው በሚዞር ማሽን ነው፤ ዳዩ በሲሊንደር ላይ ይጠመጠማል፣ ጥርስ ያለው ስለት በትይዩው ሲሊንደር ላይ ወዳለው ለስላሳ ፖሊዩሬቴን ይገባል። በሱቅ ደጃፍ የተጣለ ሣጥን የእጅ መያዣ ቀዳዳውን ቀረብ ብሎ ላየው ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ ያለው ነው። ያ የሚዞር ማሽን ፊርማ ነው።

ከባቱ፣ ከሆለታና ከቢሾፍቱ አካባቢ እርሻዎች ወደ አውሮፓ የሚበረው ጽጌረዳ የሚታሸገው በእንዲህ ያለ ሣጥን ነው። አበባው ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል፣ ሙቀትም ያወጣል፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ አየር እንዲገባበት በሣጥኑ ግንባሮች ላይ ቀዳዳ ይወጣል። ቀዳዳው ሲሰፋ ቅዝቃዜው በፍጥነት ይገባል፣ ሣጥኑ ግን ይደክማል፤ በተለይ ወደ ማዕዘን ከተጠጋ፣ ሣጥን አብዛኛውን ሸክም የሚሸከመው በማዕዘኖቹ ነውና። በዚያ ላይ የቀዝቃዛ ክፍሉ እርጥበት አለ፦ የአየሩ እርጥበት ከ50 ወደ 90 በመቶ ሲወጣ ሞገዳማ ካርቶን የመሸከም አቅሙን ግማሽ ያህል ሊያጣ ይችላል። ከታች ያለው ሣጥን ከተጨፈለቀ የሚሰበረው የአበባው እንቡጥ ነው። አንዲት ቀዳዳ ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ መሐል መግባቷ ለገበሬው የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ፕላስቲክ በሌላ ምክንያት ያስቸግራል፤ የነበረበትን አይረሳም። ውስጡን የሚያሳየው የሽቶ ወይም የስጦታ ሣጥን የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ፔት ከሚባለው ፕላስቲክ ነው። ድርብ ስለሌለው የሚላቀቅ ነገር የለውም፤ ደንደሱ ቢጫነውም ጥቂት ቆይቶ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ብረቱ ይሞቃል፤ የሞቀው መስመር ይለሰልስና ቅርጹን ይይዛል። ሙቀቱ ከበዛ ግልጹ ፕላስቲክ በእጥፋቱ ላይ ይደበዝዛል። ፖሊፕሮፒሊን ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ በእጥፋቱ መስመር ላይ ተጨምቆ ሲሳሳ ሞለኪውሎቹ በአንድ አቅጣጫ ስለሚደረደሩ እየተከፈተና እየተዘጋ ለብዙ ጊዜ ያገለግላል። የፕላስቲክ ፋይል መያዣዎች ማጠፊያ ሳይገጠምላቸው የሚከፈቱት በዚህ ነው።

ስቲከር ላይ ደግሞ ጥበቡ ቆርጦ ማቆም ነው። ስለቱ የላይኛውንና የሙጫውን ንብርብር ቆርጦ የታችኛውን ወረቀት ሳይነካ መመለስ አለበት። ያ ወረቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ የሚያንስ ውፍረት ነው ያለው። ስለቱ ትንሽ ከገባበት ወዲያው ምንም አይታይም፤ ጥቅሉ ጠርሙስ ላይ በሚለጥፍ ማሽን ላይ ሲሳብ ግን ወረቀቱ በተነካበት ይበጠሳል። ስታንተን ኤቨሪ በ1935 በሎስ አንጀለስ ተላጦ የሚለጠፍ መለያ በማሽን ማምረት ከጀመረ ወዲህ ይህ ሥራ በማይክሮን ወደሚለካ ትክክለኛነት ደርሷል።

ቆዳ ጋ ሲደረስ እጥፋቱ ይቀራል፤ የሚያስጨንቀው ስለቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ክሊከር የሚባለው ማሽን ወፍራም የብረት ክንድ አለው፤ ሠራተኛው ቆዳውን በፕላስቲክ ገበታ ላይ ዘርግቶ፣ የጫማውን ክፍል ቅርጽ የያዘውን የብረት ስለት አስቀምጦ ክንዱን ያወርዳል። ስለቱ በሁለቱም አፉ የተሳለ ነው፤ ሲገለበጥ ለግራ እግር የተሠራው ለቀኝ ይሆናል። በጥሩ ማሽን ላይ ክንዱ የሚወርደው ሁለት ቁልፎች በሁለት እጅ አንድ ላይ ሲጫኑ ብቻ ነው፤ እጅ ከሥሩ እንዳይቀር። ይህን መከላከያ አንዱን ቁልፍ በፕላስተር አስሮ ማለፍ ጣት የሚያስቆርጥ ነውር ነው፤ ማንም አሠሪ ሊታገሠው አይገባም።

ካርቶን ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው፤ ቆዳ አይደለም። የጀርባው ጥብቅ፣ የሆዱ ልል ነው፤ በአንድ በኩል ይለጠጣል፣ በሌላው አይለጠጥም። የባቲ ፍየል ሌጦና የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ በቆዳ ገበያ ስም ያላቸው ናቸው፤ ያንኑ ያህል የሚጎዳቸው ደግሞ እከክ ነው። በበጉና በፍየሉ ቆዳ ላይ በቅማልና በመሰል ተባዮች የሚመጣው ይህ በሽታ ከለፋ በኋላ የሚታዩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይተዋል። ቆራጩ ሌጦውን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጎ ያያል፤ ነጠብጣቡን ከጫማው አፍንጫ አርቆ በሶሉ አጠገብ ወደሚደበቀው ወይም ወደ ውስጥ ወደሚገባው ክፍል ይመራዋል። ከአንድ ሌጦ ስንት ጫማ እንደሚወጣ የሚወሰነው በዚያች አፍታ ነው፤ እንስሳው በሕይወት ሳለ መታከሙም በዚያው ቦታ ዋጋው ይታያል።

ጎማና ስፖንጅ ከስለቱ ሥር ይሸሻሉ። ስፖንጅ ሳይቆረጥ በፊት ይጨመቃል፤ ተቆርጦ ሲነሣ ጠርዙ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ይሆናል። ቀጭንና እጅግ የተሳለ ስለት ጉድጓዱን ይቀንሰዋል፤ ወፍራም ስፖንጅ ከሆነ ግን ከመጫን ይልቅ በሚንቀሳቀስ ስለት መሰንጠቁ ይሻላል። ጋራዥ ውስጥ የሞተር ክዳን ጋስኬት ሲጠፋ መካኒኩ ወረቀቱን በብረቱ አካል ላይ አስቀምጦ ጠርዙን በመዶሻ ቀስ እያለ ይመታዋል፤ የብረቱ ጠርዝ ራሱ ይቆርጥለታል። ዳይ ከቲንግ ማለት በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ፋብሪካው የጨመረበት ፍጥነትን ነው።

ዳይ ለማሠራት ገንዘብ ስለሚጠይቅ ለሁለት መቶ ሣጥን አያዋጣም። ለዚህ ዓይነት ሥራ ሌዘርና በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ጠረጴዛ መጥተዋል። ሌዘር ጥልፍ የሚመስሉ የሠርግ ካርዶችን ለመቁረጥ ተወዳዳሪ የለውም፤ የቆረጠውን ጠርዝ ግን ትንሽ ያሳርረዋል፣ ነጭ ወረቀት ላይም ቡኒ መስመር ይቀራል። እጥፋት ላይ ደግሞ አቅም ያንሰዋል። ወረቀቱን እስከ ግማሽ አቃጥሎ ሊያሳሳው ይችላል፤ የሳሳው መስመር በቀላሉ ይታጠፋል፣ በቀላሉም ይቀደዳል፤ ድርቦቹን ማላቀቅ በብርሃን የሚሆን ሥራ አይደለም። የመቁረጫ ጠረጴዛ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ በማሽኑ ራስ ላይ ከስለቱ ጎን አፉ የተድቦለቦለ ትንሽ የብረት ጎማ ይገጥማሉ። ስለቱ ከመቁረጡ በፊት እሱ ቀድሞ በወረቀቱ ላይ ይሽከረከራል፤ ከወረቀቱ ሥር ያለው ምንጣፍም የቦዩን ያህል ወደ ታች ይለቅለታል።